የክንድ ግፊት መለኪያ በድሬ፦ ማሽኑ ይታመናል፣ ካፉን ግን አጣሩ

ውሳኔዬን አስቀድሜ ልናገር። ቤታችሁ የደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ የክንድ መለኪያ ግዙለት። የእጅ አንጓውን ተዉት። ጣት ላይ የሚሰካውንም፣ "ግፊት ይለካል" እየተባለ የሚሸጠውን ርካሽ ሰዓትም ተዉት። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ የሚለካውን ሰው ክንድ በሜትር ለኩ። ማሽኑ ጥሩ ሆኖ ካፉ፣ ማለትም ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ፣ ልክ ካልሆነ የምታዩት ቁጥር የሰውየው ግፊት አይደለም።

እኛ ቤት ያለው ኦምሮን ነው። ክንድ ላይ ታስሮ፣ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ የሚነፋና ራሱ የሚያስተነፍስ ዓይነት። የተገዛው ለእናቴ ነው። እማዬ ግፊት ከተገኘባት ቆይቷል፣ አምሎዲፒን የሚባል የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ክትትሏም ጤና ጣቢያ ነው። የምንኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው፣ ማሽኑን ግን ከዚራ ሰፈር ካለ ፋርማሲ ነው የገዛነው። ገበያ ውስጥም በቅናሽ የሚሸጥ አይቻለሁ። ካርቶኑ ላይ የሞዴል ቁጥር የለም፣ ውስጡ መመሪያ የለም፣ ካፉ ለስንት ሴንቲሜትር ክንድ እንደሆነ ስጠይቅ ደግሞ ሻጩ "ለሁሉም ይሆናል" አለኝ። ለሁሉም የሚሆን ካፍ የለም። ትቼው ወጣሁ።

ካፉ ውስጡ አየር የሚሞላ ፊኛ አለው። ፊኛው የክንዱን ዙሪያ በደንብ ካልያዘ የደም ሥሩን ለመጫን ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል፣ ማሽኑ ደግሞ ያንን ተጨማሪ ጉልበት የሰውየው ግፊት ነው ብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ ጠባብ ካፍ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከልክ በላይ ሰፊ ሲሆን ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። ከብዙዎቹ የክንድ ማሽኖች ጋር የሚመጣው መካከለኛው ካፍ ዙሪያው ከ22 እስከ 32 ሴንቲሜትር ለሆነ ክንድ ነው። ከ22 እስከ 42 የሚሆንም አለ። ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበትን ሜትር ውሰዱና በትከሻና በክርን መሃል ላይ ክንዱን ዙሩት፣ አለቀ።

የእማዬ ክንድ 35 ነው። ፋርማሲው ውስጥ የነበረው ግን መካከለኛው ብቻ ነበር። ሰፊው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠበቅን። በዚያ መሃል ባለው ካፍ ስንለካት ቁጥሯ ከጤና ጣቢያው በጣም ይበልጥ ነበር፣ ሰፊው ሲመጣ ልዩነቱ ጠበበ። ይህ የእኛ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2023 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ትልቅ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 5 ገደማ ከፍ ብሎ ታየ። ከትልቅም በላይ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ በመደበኛው ሲለኩ ወደ 20 ገደማ ጨመረባቸው። 20 ነው! ግፊት የሌለበትን ሰው መድኃኒት ሊያስጀምር የሚችል ልዩነት ነው። ወፈር ያሉ እናቶች፣ የጉልበት ሥራ ሠርተው ክንዳቸው የደደረ ወንዶች፣ እናንተን ነው የምለው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ብዙ ሰው "በጆሮ የሚለካው ነው ትክክለኛው፣ ዲጂታሉ ይዋሻል" ይላል። ሁለቱ የሚሠሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው ግራ የሚያጋባው። ነርሷ በማዳመጫ የምትሰማው ካፉ ሲላላ ደሙ እየተገፋ ሲያልፍ የሚሰማውን ድምፅ ነው፣ ኮሮትኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ሐኪም በ1905 የገለጸውን። ዲጂታሉ ምንም አይሰማም። የልብ ምቱ ካፉ ውስጥ ያለውን አየር በትንሹ ሲያንቀጠቅጠው ያንን ነው የሚቆጥረው። እንቅጥቅጡ የሚበረታበት ቦታ ከአማካይ ግፊት ጋር ይቀራረባል፣ ከዚያ ተነስቶ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር አምራቹ ባስገባለት ቀመር ያሰላል። ቀመሩ የየኩባንያው ሚስጥር ነው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? መመሪያው ላይ "ትክክለኛነት ፕላስ ማይነስ 3" የሚል ታገኛላችሁ። ሻጮችም ይህንኑ ይጠቅሳሉ። 3ቱ ግን የአየር ግፊቱን የሚለካው ሴንሰር ስህተት ነው፣ ስለ ቀመሩ የሚናገረው ነገር የለም። ቀመሩ በሰው ላይ ነው የሚፈተነው። ዓለም አቀፉ መስፈርት ቢያንስ 85 ሰዎች በማሽኑም በሰለጠኑ ለኪዎችም ተለክተው፣ አማካይ ልዩነቱ ከ5 እንዳይበልጥ፣ ስርጭቱም፣ ማለትም ልዩነቶቹ ከአማካዩ የሚርቁበት ልክ፣ ከ8 እንዳያልፍ ይጠይቃል። ይህን ያለፉትን ሞዴሎች ስትራይድ ቢፒ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል። ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ የካርቶኑን ሞዴል ቁጥር ፈልጉ። ኦምሮን፣ ማይክሮላይፍ፣ ቤውረር የፈተናውን ያለፉ ሞዴሎች አሏቸው፤ ስሙን ሳይሆን ሞዴሉን ነው የምታመሳክሩት። ካርቶኑ ላይ ያለው የአውሮፓ ገበያ የሲኢ (CE) ምልክት ይህን ፈተና አልፏል ማለት አይደለም።

ደግሞ ፈተናውን ያለፈ ማሽንም በአማካይ ነው ልክ የሆነው። ለእናንተ ክንድ በተለይ ሊስት ይችላል። ስለዚህ እንደገዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ። እኛ ይዘነው ስንሄድ ሲስተር ደስ ብሏት ነው የተባበረችን። አለካኩ እንዲህ ነው፦ በአንዱ ክንድ ላይ ተራ በተራ፣ አንዴ በቤቱ ማሽን፣ አንዴ በእሷ፣ በመሃል አንድ ደቂቃ ያህል እየቆዩ። ሁለቱን ክንድ በአንድ ጊዜ መለካት ማነጻጸር አይሆንም፣ ግራና ቀኝ ራሳቸው ይለያያሉ። የላይኛው ቁጥር ልዩነት እስከ 5 ከሆነ ማሽኑ ደህና ነው። ከ6 እስከ 10 ከሆነ ድገሙት። ከ10 ካለፈ መጀመሪያ ካፉን፣ ቀጥሎ ማሽኑን ጠርጥሩ። የእኛው በ5 ውስጥ ነው የወጣው፣ እምነቴም የመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በእጅ የሚነፋውም መርፌ ያለው ሰዓቱ በየጊዜው መስተካከል አለበት። ወድቆ ተጋጭቶ የሚሠራ አለ። አንድ ቦታ የሄደ ሰው ሁሉ 120 በ80፣ 130 በ80፣ 140 በ90 ተብሎ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ እየተጠጋጋ ነው ማለት ነው። የሰው ግፊት ሁልጊዜ በዜሮ አያልቅም። ቤታችሁ 137 በ84 አይታችሁ እዚያ 140 በ80 ብትባሉ ጠብ የለም።

የእጅ አንጓውን ለምን ተዉት እንዳልኩ። ጎረቤታችን አላቸው፣ ለመያዝ ይቀላል፣ ልብስ ማውለቅ አይፈልግም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲለኩ ይጨምራል፣ ደረታቸው ላይ ሲያደርጉት ይቀንሳል። ማሽኑ አልተበላሸም። የሚለካበት ቦታ ከልብ በ10 ሴንቲሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ቁጥሩ በ7 ወይም በ8 ይጨምራል፣ አንጓ ደግሞ እጅ ባረፈበት ሁሉ ነው የሚውለው። በትክክል ልብ ደረጃ ላይ ይዞ ለሚጠቀም ሰው፣ ወይም ክንዱ ለየትኛውም ካፍ የማይሆን ሰው ይጠቅማል፤ ለሌላው አልመክርም።

የክንዱም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም። በ2024 እነዚሁ የጆንስ ሆፕኪንስ ሰዎች ክንድን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ ጭን ላይ አድርጎና አንጠልጥሎ መለካትን አነጻጽረው ነበር። ጭን ላይ ሲሆን የላይኛው 4 ያህል፣ ሲንጠለጠል ከ6 በላይ ጨመረ። ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ለሚለኩ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ ቤት መቀመጫ ከመሬት ዝቅ ያለ መጅሊስ ነው፣ ክንድ የሚያርፍበት የለም። እማዬ የምትለካው ወጥ ቤት ካለው ጠረጴዛ ጋር ነው፣ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፣ እግሯን ሳታጣምር መሬት ረግጣ፣ ካፉ ባዶ ክንድ ላይ ሆኖ። የክንዱን እጅጌ መጠቅለልም አይሆንም፣ ከላይ ያስራል። እየተለኩ ማውራት የለም። ይህን ለማስለመድ ነው የተቸገርነው፣ ካፉ ሲነፋ ጨዋታ ይመጣባታል። ሽንት ይዞ መለካትም ቁጥሩን ይሰቅለዋል።

የድሬ ነገር ደግሞ አለ። ከሳቢያን ተነስታችሁ በፀሐይ፣ በባጃጅ፣ በእግር ከዚራ ደርሳችሁ ፋርማሲ በር ላይ ቆማችሁ የምትለኩት ግፊት የመንገዱ ግፊት ነው። አንድ ፋርማሲ እማዬን ገና ላቧ ሳይደርቅ ቆማ ለክቶ "በጣም ጨምሯል" ብሎ ልቧን አስደንግጧታል። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ግዴታ ነው። ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም የለም። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ "እስቲ ለኩኝ" ማለት አያስኬድም።

ስለ ጫት በግልጽ እንነጋገር፣ እዚህም ሐረርም ያለን ሰዎች ይህን ትተን ስለ ግፊት ማውራት አንችልም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም ግፊትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። በርጫ ላይ ወይም ከበርጫ በኋላ ለክቶ 160 ያየ ሰው "ማሽኑ ተሳስቷል" ይላል። አልተሳሳተም። በዚያ ሰዓት ደም ሥሩ ውስጥ ያለው ግፊት እሱ ነው። የዕረፍት ግፊቱን ለማወቅ ጠዋት ይለካ፣ ትክክል ነው፤ ግን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በየቀኑ በዚያ ቁጥር የሚያሳልፍ ሰው ጠዋት 128 ስላየ ብቻ ደህና ነኝ ማለት የለበትም። ጤና ጣቢያ የሚኬደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው፣ ሐኪሙ ያንን ከሰዓት አያየውም። የቤት ማሽን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱንም ለኩ፣ የትኛው የመቼ እንደሆነ ጻፉ፣ ለሐኪሙ ሳትደብቁ አሳዩ።

ሙቀትም ቁጥሩን ያንቀሳቅሳል፣ ወደ ታች። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ በላብ ውሃ ይወጣል፣ ግፊት ይወርዳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የእማዬ ቁጥር ከኅዳርና ታኅሣሥ ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ "ተሻለኝ" ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል፣ ብርዱ ሲመለስ ግፊቱም ይመለሳል። ሲነሱ የሚያዞር ከሆነ፣ በተለይ ውሃ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ፣ ቁጥሩን ይዞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው እንጂ በራስ መቀነስ አይገባም። ረመዳን ሲመጣም እንዲሁ፣ የመድኃኒቱ ሰዓት ወደ ሱሁርና ወደ ኢፍጣር ስለሚዞር ቀድሞ ማማከር ይሻላል።

ቁጥሩን ስለማንበብ። የላይኛው ልብ ስትጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ነው። ጤና ተቋም ውስጥ ከፍተኛ የሚባለው ከ140 በ90 ጀምሮ ነው። ቤት ውስጥ መስመሩ ዝቅ ይላል፣ የአውሮፓ መመሪያዎች 135 በ85 ይሉታል፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ ወደ 130 በ80 አውርደውታል። ሐኪማችሁ የትኛውን እንደሚከተል ጠይቁ። ቤት ውስጥ 138 በ86 አይቶ "ከ140 በታች ነኝ" የሚል ሰው የጤና ጣቢያን መስፈርት ለቤት እየተጠቀመ ነው። "የታችኛው ደህና ነው" እያለ የሚጽናናም ብዙ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የደም ሥር ይደድራል፣ የላይኛው ይወጣል የታችኛው ይወርዳል። 160 በ70 የሆነ አረጋዊ ግፊት አለበት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ቁጥር አትፍረዱ። ግፊት በየልብ ምቱ ይለዋወጣል፣ በተከታታይ ብትለኩ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ቢመጣ ነው የሚገርመው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ሐኪሞቹ የሚፈልጉት የሰባት ቀን መዝገብ ነው፦ ጠዋት መድኃኒት ከመዋጡ በፊት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በመሃል አንድ ደቂቃ እያሳረፉ። የመጀመሪያው ቀን ይጣላል፣ የቀረው ተደምሮ አማካዩ ይወጣል። ውሳኔ የሚሰጠው በዚያ አማካይ ነው። ነጭ ጋዋን ሲያዩ ግፊታቸው የሚወጣ ሰዎች አሉ፣ ቤት ሲለኩ ደህና ናቸው። እዚያ ደህና ሆነው ቤት የሚወጣባቸውም አሉ፣ እነዚህኞቹ ናቸው የሚያሳስቡት፣ ማንም ስለማያያቸው።

ስለ ማሽኑ የማልወደውን ልናገር። ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። እኛ ሰው ጠዋት አንድ ሰዓትን 1:00 ብሎ ሊሞላው ይችላል፣ ያኔ ማሽኑ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወይም ከሰዓት በኋላ ብሎ ይመዘግበዋል። የጠዋትና የማታ አማካይ ለይተው የሚያወጡ ሞዴሎች ላይ ይህ ሙሉውን አማካይ ያበላሸዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት 7:00 ነው፣ በዚያው ሙሉት። መመሪያው በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም የለም፣ ለድሬ ቤቶች ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የመጀመሪያው አነፋፍ ላይም ጠንከር አድርጎ ይይዛል፣ እማዬ "ሰበረኝ" ትላለች።

የወደድኩት ስክሪኑ ትልቅ ነው፣ ያለ መነጽር ታነበዋለች። በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ አያስጨንቅም። የልብ ምት ያልተስተካከለ ሲመስለው ምልክት ያሳያል። ያ ምልክት ደጋግሞ ከመጣ ለሐኪም ንገሩ፣ የልብ ምቱ የተዘበራረቀ ሰው ላይ ማሽኑ የሚያወጣው ቁጥርም ይዋዥቃልና ደጋግሞ መለካት ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ደግሞ ለእርግዝና ተፈትኖ ያለፈ ሞዴል ፈልጉ፣ ለሌላው ሰው ልክ የሆነ ማሽን ለነፍሰ ጡር ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ካያችሁ አምስት ደቂቃ አርፋችሁ ድገሙት። የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን መድከም፣ የአፍ መተሳሰር ወይም የዓይን መጋረድ ካለ ግን መድገም የለም፣ ቀጥታ ድል ጮራ ወይም የሚቀርባችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ምልክት ሳይኖር በድጋሚም ያው ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪማችሁን አግኙ።

ለድሬ ፋርማሲዎች አንድ ልመና አለኝ። መካከለኛውን ካፍ ብቻ አታምጡ። ከ22 እስከ 42 ያለው መደርደሪያ ላይ ይኑር፣ ሜትር ደግሞ ካሸሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ገዢው ሳይከፍል በፊት ክንዱ ይለካ።